ወንጂ፣ አጎቴ ዘንድ

ቀጨኔ ለተወለደ ልጅ ሜዳ ብርቅ ነው። የሰፈራችን መሬት ወይ ሽቅብ ይወጣል ወይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የለጋናት የጨርቅ ኳስ ካመለጠችን የምናገኛት ወንዙ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አጎቴ ከወንጂ በመጣ ቁጥር «እኛ ዘንድ ኳስ ከለጋህ ዓይንህ እስኪደክም ትንከባለላለች እንጂ አትጠፋም» ሲለኝ አላምነውም። እንዲህ ያለ መሬት መኖሩን ያመንኩት ሄጄ ሳየው ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለጥቅምት መድኃኔዓለም ንግሥ ነበር። ሌላው ሠራተኛ ክረምት ላይ ፋብሪካው ሲቆም ዕረፍት ሲወጣ እሱ ያን ጊዜ ነው የሚታሰረው። በያጅ ነበርና፣ ወፍጮው ተፈትቶ፣ ቦይለሩ ተከፍቶ፣ የተሰነጠቀው ሁሉ የሚጠገነው በዚያ ወራት ነው። አዲሱ የአገዳ ቆረጣ ሳይጀመር በምትገኘው ጠባብ ጊዜ ሾልኮ ይመጣና ስኳር ይዞልን ይገባል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን፣ ያውም ተሰልፈን የምናገኘው ነገር ነበር። እናቴ ግማሹን ለጎረቤት ታካፍለዋለች። «ወንድሜ የሠራው ነው» ትላለች፣ አገዳውን የተከለው፣ የቆረጠው፣ ያፈላው እሱ ብቻ የሆነ ይመስል። ለኛ ለልጆቹ ደግሞ ደስታ ከረሜላ አለ፤ እሱም ከዚያው ከወንጂ ነው የሚመጣው። ወረቀቱን አንጥልም፤ ደብተር ውስጥ አስተኝተን እናስቀምጠዋለን።

ሰፈራችን የባለእጆች ሰፈር ነው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። አፈሩን ከተራራው ሥር ቆፍረው በጀርባቸው ያወርዳሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ይነፋሉ፣ ያቦካሉ። ቅርጹን በእጅ ያወጡና በለስላሳ ጠጠር ያሹታል፤ ሲደርቅ በቅጠልና በኩበት ይተኩሱታል። አዲስ አበባ ላይ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ቡና የሚፈላበት ጀበና ስንቱ ከቀጨኔ እንደወጣ የሚያውቅ ያውቃል። ሠሪዋን ግን ብዙ ሰው በጎሪጥ ነበር የሚያያት። ምጣዷን ይገዛል፣ ቤቷ ገብቶ እህል አይቀምስም። «ቡዳ» የሚለውን ስድብ ትምህርት ቤት እንደገባሁ ነው የሰማሁት። እናቴ አዲሱ ገበያ ተቀምጣ ስትሸጥ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ብለው ከጠየቋት «ከሰው ተቀብዬ ነው» ትል ነበር። የእጇ ጥፍር ሥር አፈሩ እየታየ።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አጎቴ በሳቸው ወናፍ ሥር ነው ያደገው። በንጉሡ ዘመን ወንጂ ላይ ሁለተኛ ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቶ ሄደ። ፈረንጁ ካፖ የጎበጠ ብረት ሰጠውና አቅናው አለው። አጎቴ አሞቀ፣ ቀጠቀጠ፣ አቀና። ይህን ታሪክ ሲያወራ ሁሌ በአንድ ቃል ነው የሚጨርሰው፦ «የማን ልጅ ነህ አላለኝም። ነገ ስንት ሰዓት ትመጣለህ ነው ያለኝ።»

ካፖው ሆላንዳዊ ነበር። ወንጂን የተከለው ኤች ቪ ኤ የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች 1879 አምስተርዳም ላይ የተቋቋመ ነው፤ ስኳርን የተማረው ግን ሆላንድ ውስጥ አይደለም፣ ጃቫ ላይ ነው። ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን አውጃ ሆላንድም በፈረንጆች 1949 ፈቅዳ ስትለቅ፣ የዚያ ዘመን ማብቂያ መድረሱን ያዩት የስኳር ሰዎች ሌላ ሜዳና ሌላ ወንዝ ፍለጋ ወጡ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር በኛ አቆጣጠር በ1943 ተዋውለው አዋሽ ዳር፣ ከናዝሬት በስተ ደቡብ፣ 5,000 ሄክታር ያህል መሬት ያዙ። በ1946 የመጀመሪያው ስኳር ወጣ። ስምንት ዓመት ቆይቶ ሸዋ የተባለው ፋብሪካ እዚያው ተጨመረ፤ ቀጥሎ መተሐራ መጣ። በ1967 ደርግ ሁሉንም ወረሰ። መሬቱ ታዲያ ባዶ አልነበረም። የጂሌ ኦሮሞ አርቢዎች ከብታቸውን የሚያሰማሩበት፣ ወንዙ ሲሞላ ረግረግ የሚሆን፣ ሲጎድል የሚለመልም ግጦሽ ነበር። የወንጂን ማማር የሚያወራ ሰው ይህችን መዝለል የለበትም እላለሁ፤ እኔም ብዙ ዘመን ዘልዬአታለሁና።

ከእናቴ ጋር የሄድነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ጥር ላይ ነው። አጎቴ አግብቶ ልጆች ወልዶ ነበርና እናቴ ለምራቷ የሚሆን ምጣድ ሠራች። ለገበያ ከምትሠራው ይልቅ ብዙ ቀን አሸችው። በጎመን ዘር አሰሰችው፣ በጭድ ጠቀጠቀችው፣ በጆንያ ጠቀለለችው። ለገሃር ደርሰን ሊትሪና ስንሳፈር ምጣዱን መስኮት ዳር ወንበር ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው። ትኬት ቆራጩ መጣ።

«እመዬ፣ ይሄ ዕቃ ወንበር ላይ አይቀመጥም።»

«እኔ እቆማለሁ» አለችው፣ ተነሥታ እየቆመች። «የኔን ወንበር ይያዝ።»

ሰውየው ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጆንያው አየ፣ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ እያልን ናዝሬት እስክንገባ እናቴ ቆማ ነው የሄደችው ብል ማጋነን ይሆናል፤ ደብረ ዘይት ላይ ሰው ወርዶላት ተቀምጣለች።

ወንጂ የገባነው በጨለማ ነው። መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነበር፤ የሚፈላ አገዳ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደመኮምጠጥ የሚል የሞላሰስ ሽታ። ቀጥሎ መብራቱ። ፋብሪካው ቀንና ሌሊት የሚሠራበት ወራት ስለነበር ሰማዩ ከበታቹ ቀልቶ ነበር። ወደ ሌላ በኩል ደግሞ በሩቅ እሳት ይታያል። «አገዳ እያቃጠሉ ነው» አለ አጎቴ። ደንግጬ ለምን እንደማያጠፉት ስጠይቀው ሳቀ። ቅጠሉ ካልተቃጠለ ቆራጩ ይቆራረጣል፣ እባቡም አይወጣም፤ ሌሊት ያቃጥሉትና ጠዋት ግንዱን ይቆርጡታል። በማግስቱ የታጠበ ልብስ ላይ ሁሉ ጥቁር አመድ አርፎ አገኘን፤ የአጎቴ ሚስት ሳትቆጣ አራግፋው ወደ ቤት አስገባችው።

ጠዋት በፋብሪካው ፊሽካ ተነሣን። እሑድ ነበር። በር ከፍቼ ብወጣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ትንሽ ሆኖ ይጠፋል። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቤቶች፣ እኩል ርቀት፣ እኩል ቁመት፣ ደጃፋቸው ላይ ፓፓያና ማንጎ። ቀጨኔ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ቤቶች አይቼ አላውቅም ነበር። የሠራተኛው መንደሮች በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጠሩት። ሰው ሲተዋወቅ «የየት አገር ሰው ነህ» ከማለቱ በፊት «የትኛው መንደር ነህ» ይላል፤ መልሱም አንዲት ፊደል ናት። እናቴ ይህን ለመልመድ ትንሽ ተቸገረች። ጎረቤቷ ፊደሏን ስትነግራት «እሱስ ይሁን፣ አባትሽ ማናቸው?» አለቻት። ሴትዮዋ ግር አላት።

ከዚያ ወዲያ የአለቆቹ ሰፈር አለ። ሰፋፊ ግቢ፣ በረንዳው ለወባ ትንኝ በወንፊት ሽቦ የተጋረደ፣ ድሬዳዋ ዛፍና ጃካራንዳ የሞላበት። ሆላንዶቹ ሰፈሩን የሠሩት በማዕረግ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ የት፣ መሐንዲስ የት፣ ጸሐፊ የት፣ ቋሚ ሠራተኛ የት፣ ለቆረጣ የሚመጣው ወቅታዊ ሠራተኛ የት እንደሚያድር በካርታ ተወስኖ ነበር። እኛ በደረስንበት ጊዜ ባለቤቶቹ ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል፤ በትልልቆቹ ቤቶች የኛ ሰው መሐንዲሶች ገብተዋል። ካርታው ግን እንዳለ ነበር። አብዮት ጥበቃው በር ላይ ቆሞ፣ ከውስጥ ሣሩ እየተከረከመ። ስለ ማዕረግ የማያውቀው ልጅነቴ ያየው ሣሩንና አበባውን ብቻ ነው፤ እንዲያ ያለ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበርና እስካሁን ውበት ሲባል ትዝ ከሚሉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

አጎቴ ብስክሌት ነበረው። ካፖው አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደው፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ እጀታው ወደ ላይ የተቆለመመ የሆላንድ ብስክሌት። ፍሬኑ እጀታው ላይ የለም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጠው ነው የሚይዘው። ቀጨኔ ላይ ብስክሌት ያለው ልጅ ካለ ሽቅቡን ገፍቶ፣ ቁልቁሉን ጸልዮ ነው፤ እዚህ ግን ከቤት እስከ ፋብሪካ በር ድረስ እግር ሳይደክም ይኬዳል፤ ሽማግሌው፣ ነርሷ፣ የቆረጣ ካፖው፣ ሁሉም ብስክሌት ላይ ነው። አጎቴ ቦይ ዳር ባለው መንገድ ላይ አስቀመጠኝና ለቀቀኝ። መውደቅ አልቀረም፤ ግን የወደቅሁት አፈር ላይ ነው፣ ድንጋይ የለም። ፀሐይ ከፍ ስትል ብቻዬን መሄድ ችዬ ነበር። ቦዩ ውስጥ የሚዋኙት ልጆች እየተከተሉ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» ይሉኛል፤ ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለኝ አሁንም በደንብ አልገባኝም። ቀጨኔ ላይ ስም ሲወጣልኝ እንዲህ ያለ ስም አልነበረም።

ስለዚያ ቦይ ትንሽ ላውራ። ወንጂ ሙሉ ውሃ ነው። ከአዋሽ በፓምፕ የሚወጣው ውሃ በዋናው ቦይ ይገባል፤ ከዚያ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ወደ ትንንሹ፣ ከዚያ ወደ ማሳው ፈር። በየመገናኛው በእጅ የሚሽከረከር የብረት መዝጊያ አለ። ወንዙ ሜዳውን ዞሮት ስለሚሄድ፣ ሲሞላ እንዳያጥለቀልቅ ደግሞ ዳር ዳሩን ረጅም የአፈር ክትር ተሠርቶለታል። አጎቴ ክትሩ ላይ አውጥቶን፣ በአንድ በኩል ወንዙን፣ በሌላው በኩል ከወንዙ ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን አረንጓዴ አገዳ አሳየን።

«ይሄ የሆላንድ ሥራ ነው፣ እትዬ» አላት። «አገራቸው ሩቡ ከባሕር በታች ነው።»

እናቴ ወደ እሱ ዞረች። «ከባሕር በታች ማን ይኖራል? አሳ ናቸው?»

ቀን ወደ ፋብሪካው ወሰደን። ከዘበኛው ጋር ተነጋግሮ ነው ያስገባን። ትራክተር የሚጎትተው ተጎታች አገዳውን ያራግፋል፣ ቢላዎች ይከትፉታል፣ ወፍጮዎቹ ተራ በተራ ይጨምቁታል። ጭማቂው ቆሻሻ አረንጓዴ ነው፤ ሰው ስኳር ይሆናል ብሎ አይገምትም። ይሞቃል፣ ኖራ ይገባበታል፣ አተላው ይወርዳል፣ የጠራው ውሃው እስኪተን ይፈላል። በመጨረሻ ወፍራም ጥቁር ሽሮፕ ከነፍሬው የሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ይገባል፤ ሞላሰሱ በወንፊቱ ተወርውሮ ይወጣል፣ ዓይንህ እያየ ጥቁሩ ይቀላል፣ ቀዩ ይነጣል። ያን ሰዓት አጎቴ ጓንቱን አውልቆ ጭብጥ ሙሉ ትኩስ ስኳር ሰጠኝ። ትኩስ ስኳር ቀምሶ የማያውቅ ሰው ስኳር ቀምሻለሁ አይበል።

እናቴን ግን ስኳሩ አልማረካትም። ቦይለሩ ፊት ቆማ ቀረች። ከወፍጮው የወጣው ደረቅ ገለባ፣ ባጋስ የሚሉት፣ ተመልሶ እዚያው ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ፋብሪካው የሚነደው በራሱ ገለባ ነው። ይህ ነገር በጣም ደስ አላት። ኩበትና ቅጠል ፍለጋ ስትንከራተት ለኖረች ሴት፣ ማገዶውን ራሱ የሚያወጣ ሥራ ተአምር ነው። በትንሿ መስኮት እሳቱን አየችና ባለምድጃውን «መድረሱን በምን ታውቀዋለህ?» አለችው።

ሰውየው መለኪያውን ባለመርፌ ሰዓት አሳያት።

«እኔ በቀለሙ ነው» አለች።

እሱም ዙሪያውን አየት አድርጎ «እኔም በቀለሙ ነው፤ ይሄ አልፎ አልፎ ይዋሻል» አላት። ከዚያ በኋላ ስለ እሳት ብዙ አወሩ። ቢጫ ሲሆን፣ ነጣ ሲል፣ ጭሱ ሲቀጥን። አጎቴና እኔ ቆመን ጠበቅናቸው። እናቴ ከማታውቀው ወንድ ጋር እንዲህ ስትጫወት አይቻት አላውቅም ነበር።

ከፋብሪካው ስንመለስ የአጎቴ ሚስት ቡና አፈላች። ከከምባታ ናት፤ አባቷ ለአገዳ ቆረጣ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ቆጮና አይብ ቀረበ። ጎረቤቶች ገቡ፤ ሃዲያ አለች፣ ወላይታ አለች፣ የአርሲ ኦሮሞ አለች፣ ከመንዝ የመጡ እናት አሉ። ምጣዱ ከጆንያው ወጣ። አንድም ስንጥቅ የለውም። ሴቶቹ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፤ ድምፁ ጠራ ያለ ነበር። የመንዟ እናት ጠርዙን እየዳበሱ «ይሄን የመሰለ ማን ሠራው?» አሉ።

እናቴ ሲኒዋን ይዛ ዝም አለች። እኔ የአዲሱ ገበያውን መልስ ጠበቅሁ። አጎቴም በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

ትንሽ ጸጥታ ነበር፤ አልነበረም ብል ልዋሽ ነው። ከምባታም፣ ወላይታም፣ መንዝም ሸክላ ሠሪ አለች፤ እዚያም ቢሆን ከሷ ጋር በአንድ ገበታ አይቀረብም። ሁሉም የሚያውቁት ነገር ነው። የአጎቴ ሚስት ጀበናውን አነሣችና የሁለተኛውን ቡና መጀመሪያ ለእናቴ ቀዳችላት። ወላይታዋ ሳቀችና «እዚህ ፋብሪካው ሁላችንንም አንድ ላይ ፈጭቶናል፣ ይልቅ ለኔም አንድ ይሥሩልኝ» አለች። ከዚያ ሁሉም ማዘዝ ጀመሩ፤ ምጣድ፣ ድስት፣ የቆጮ ማቡኪያ የሚሆን ገበቴ አይሠራም ወይ የምትልም አለች። እናቴ ቀብድ አልቀበልም ብላ ተከራከረች። ስመለስ ስንቱን በባቡር ልጭን ነው ብዬ እኔ ነኝ የተጨነቅሁት።

በስተኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ስለ ሆላንድ ስኳር ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ማሽን ከመምጣቱ በፊት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ አምስተርዳም ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጥሬ ስኳር የሚያጠሩ ቤቶች የሞሉባት ከተማ ነበረች። የሚያጠሩበት ዕቃ ደግሞ ሸክላ ነው። ጫፉ የሾለ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ቅርጽ ውስጥ የፈላውን ሽሮፕ ይሞሉታል፤ ሞላሰሱ በቀዳዳው ከሥር ወደተቀመጠ ሌላ ማሰሮ ይንጠባጠባል። እንዲነጣ ሲፈለግ ከላይ እርጥብ ሸክላ አፈር ይደፉበታል፤ ከአፈሩ ቀስ ብሎ የሚወርደው ውሃ ቡናማውን አጥቦ ያወርደዋል። አንድ የማጣሪያ ቤት ብዙ ሺህ ቅርጽ ይፈልግ ስለነበር ሸክላ ሠሪዎች በዚያ ይተዳደሩ ነበር። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ እጇ ግን ገና አፈር ይነካ ነበር። ጥያቄዋ ስለ አፈሩ ነበር፤ ቀይ ነው ጥቁር? ብዙ አሸዋ አለው? የማላውቀውን ሁሉ ጠየቀችኝና በመጨረሻ «ታዲያ እነሱም ባለእጅ ናቸዋ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆላንድ የሚል ነገር በሬዲዮ ከሰማች «የኛዎቹ» ትላለች።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው መኪና ቆቃ ሄድን። ወንጂ ሐይቁን የምታየው በሩቅ ነው፤ የምትጠጣው ግን ከሱ ነው። ጣሊያን ለወረራው የጦር ካሣ ክፈል ተብሎ ገንዘቡ አዋሽ ላይ ግድብ ሆነ፤ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው። ኋላው የተኛው ውሃ ሐይቅ ሠራ፤ ንጉሡ ገሊላ አሉት፣ ዳሩም ላይ ቤተ መንግሥት ሠሩ፤ ሕዝቡ ቆቃ ማለቱን አልተወም። ከዚያ በኋላ አዋሽ በዓመት አንዴ የሚፎክር ወንዝ መሆኑ ቀረና በጋ ከክረምት ልኩን ይዞ ለአገዳው የሚደርስ ሆነ። ጣሊያን በካሣው፣ ሆላንድ በቦዩ፤ የኛ ስኳር በዚህ መሐል ነው የበቀለው። ይህ ሁሉ ያኔ አልታሰበኝም። የታየኝ ውሃ ነበር፤ ማዶው በጭጋግ የማይለይ፣ ጉማሬ ጆሮውን ብቅ የሚያደርግበት ውሃ።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዳር ድረስ ወረደች። የቀጨኔን ወንዝ በእንስራ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት።

«ስንት እንስራ ይሆናል?» አለችኝ።

ለመቁጠር እየሞከርኩ ዳር ዳሩን ስሄድ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ተክል ውሃው ላይ ተንሳፎ አየሁ። ቀጥፌ ለእናቴ አመጣሁላት። አጎቴ «ጣለው፣ ጣለው» አለኝ። ፓምፑንና ቦዩን የሚደፍንባቸው አረም ነበር። እምቦጭ መሆኑን የተረዳሁት የጣና ወሬ አገሩን ሲሞላው ነው፤ ቆቃና አዋሽ ላይ ግን ከጣና ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ በ1950ዎቹ ታይቶ ነበር። እናቴ አልጣለችውም። ጆሮዋ ላይ ሰክታው ዋለች። አሳ አጥማጆቹ ቆሮሶ በዘይት ጠብሰው በሚጥሚጣ አቀረቡልን፣ እሾሁን እያወጣች አጎረሰችኝ።

ሁሉ ነገር ጣፋጭ ነበር ካልኩ ያጎቴን ልጆች ጥርስ ረስቻለሁ ማለት ነው። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር፤ ጥርሳቸው ቡናማ ነው። እኔ ስኳር ስለሚበሉ ነው ብዬ ቀናሁባቸው። ምክንያቱ ሌላ ነው። ስምጥ ሸለቆው ከመሬት የሚያወጣው ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የወንጂ መንደሮች ይጠጡት የነበረው የጉድጓድ ውሃ ከልኩ እጅግ ያለፈ ነበር። በልጅነቱ የጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዓመት የጠጣው አጥንቱ ይደርቃል፣ ጀርባው አልታጠፍ ይለዋል። ፍሎራይዱን የሚቀንስ ማጣሪያ ቢተከልም ለሁሉም መንደር፣ በሁሉም ጊዜ አልደረሰም። አጎቴ ጡረታ ሲወጣ አንገቱን ለማዞር ትከሻውን አብሮ ያዞር ነበር። ስለ ውሃው ግን ክፉ ሲናገር አልሰማሁም፤ ያ ሜዳ ሰው አድርጎኛል ይል ነበር። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ እላለሁ ብዬ አልምልም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ወንጂ ሄጃለሁ። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሠርተው ቆሙ፤ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ዶዶታ በኩል አዲስና ትልቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በድሮው ፋብሪካ ፊሽካ ሰዓቱን ያስተካክል የነበረ ሰው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ሰዓቱ ጠፍቶበት ነበር ይላሉ።

አንዴ ታዲያ አጎቴን ይዤ ከወንጂ አልፈን ባቱ ወረድን፤ ዝዋይ የምንላት፣ ደንበል ሐይቅ ዳር ያለችው ከተማ። ሆላንዶቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደዚህ ተመልሰዋል፣ በዚህኛው ጊዜ በአበባ። ሐይቁ ዳር ፕላስቲክ ቤቱ ተዘርግቶ ተዘርግቶ አያልቅም፤ ማታ የተለቀመው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ሄዶ አምስተርዳም አጠገብ አልስሜር በሚባል ቦታ ጨረታ ላይ ይወጣል። አሳ ልንበላ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። አባ ኮዳዎቹ አንጀት እስኪጣልላቸው እንደ ዳኛ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከማዶ የዛይ ሰዎች የሚኖሩባቸው ደሴቶች ይታያሉ። አጎቴ ግን ደሴትም ወፍም አላየም። ዓይኑ ከሐይቁ የሚወጣው የውሃ ቱቦ ላይ ነው። ፓምፑ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሆነ አስተናጋጁን ጠየቀው።

አጠገባችን የተቀመጠችው ልጅ ሰማችውና ሳቀች። አበባ ማሸጊያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የሃዲያ ልጅ ናት። አጎቴ ወንበሩን ወደሷ አዞረ፣ ትከሻውንም አብሮ።

«ክሊኒክ አላችሁ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ትምህርት ቤት?»

«አለ።»

«ቤትስ?»

«ቤት በራሳችን ነው። ከተማ ውስጥ ተከራይተን፣ ለአራት ሆነን።»

አጎቴ ጣቱን በወረቀት ጠረገ። «ወንጂ» አላት፣ ጀርባውን ቀና ለማድረግ እየሞከረ፣ «ከሁሉ አስቀድመው ቤቱን ነው የሠሩት።»

ልጅቷ በአክብሮት ሰማችው። ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ ሲገቡ በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ ነበር የምትኖሩት?» አለችው።

ትንሽ አሰበ።

«ስድስት» አለ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።